አምፖል እንዴት ይሸለማል? የብርሃን ፈጠራ ውድድሮች ደንብ ሲፈተሽ

ሁለት አምፖሎች ጎን ለጎን ቢበሩ የትኛው ይሻላል? ዓይን ወዲያው መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ አያስተማምንም። ዓይናችን ከድምቀትም ከድንግዝግዝም ጋር ራሱን ስለሚያስማማ እጥፍ የሆነ ብርሃን እጥፍ ሆኖ አይታየውም። ዛሬ የሚያየውን ከስድስት ወር በፊት ካየው ጋር ማነጻጸር አይችልም። አምፖሉ የሚበላው ኤሌክትሪክ፣ የሚቆይበት ዘመን፣ ሲግል በውስጡ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ጭራሽ በዓይን የሚታዩ ነገሮች አይደሉም። ስለዚህ በመብራት ፈጠራ ላይ ውድድር ለማካሄድ የሚነሳ ሁሉ የሽልማቱን ገንዘብ ከማሰቡ በፊት መለኪያውን ማሰብ ይኖርበታል።

ስለ እነዚህ ውድድሮች ሲነገር ጎልቶ የሚወጣው የአሸናፊው ስምና የገንዘቡ መጠን ነው። እኔ ግን ዋናው ቁም ነገር ያለው በደንቡ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ደንቡ የሚለካውን ተወዳዳሪው አሳምሮ ይሠራዋል፤ ደንቡ ያልጠየቀውን ግን ዓመታት የለፋ መሐንዲስ እንኳ ሊተወው ይችላል። ነገሩን ለማየት ራቅ ካለ ዘመን እንጀምር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የአዋጅ ቁጥር ካልሆኑ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1760ዎቹ መጀመሪያ የፓሪስ ጎዳናዎች ሌሊት የሚበሩት ሻማ በሚቀመጥባቸው ፋኖሶች ነበር። የከተማዋ ፖሊስ የበላይ ኃላፊ የነበረው አንቷን ደ ሳርቲን በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በኩል የ2,000 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ሽልማት አስነገረ። ጥያቄው የአንድን ትልቅ ከተማ መንገዶች ሌሊት ለማብራት የሚበጀው ዘዴ የትኛው ነው የሚል ሲሆን፣ መልሱ ሦስት ነገሮችን አጣምሮ እንዲይዝ ታዟል፦ ድምቀትን፣ ለአያያዝ መቅለልንና ቁጠባን።

እነዚህ ሦስት ቃላት ጥሩ የውድድር ደንብ ምን እንደሚመስል ያሳያሉ። ድምቀት ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ የከተማዋን ካዝና በአንድ ክረምት የሚያራቁት ግዙፍ መብራት ባሸነፈ ነበር። ቁጠባ ብቻ ቢጠየቅ እግረኛው መንገዱን የማይለይበት ደካማ ብርሃን በቀደመ ነበር። የአያያዝ ነገር ባይነሳ ደግሞ በየምሽቱ እየዞረ መብራቱን የሚለኩሰውና የሚያጸዳው ሠራተኛ በተረሳ ነበር። ሦስቱ ፍላጎቶች እርስ በርሳቸው ይጋፋሉ፤ ፈጠራ የሚወለደውም ከዚያ ግፊያ ውስጥ ነው።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በኋላ የዘመናዊ ኬሚስትሪ አባት የተባለው አንቷን ላቯዚየ ነበር። የፋኖሱን ቅርጽ፣ የአንጸባራቂውን ጥምዝ፣ የዘይቱንና የክሩን ዓይነት አንድ በአንድ እየመረመረ ሰፊ ጥናት አቀረበ። ዳኞቹ አንድ አሸናፊ አልሰየሙም። ገንዘቡን መብራታቸውን በተግባር ሠርተው ላሳዩ ሦስት ባለሙያዎች አከፋፈሉት። ለላቯዚየ ጥናት ደግሞ በ1766 ከንጉሡ የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጠው፤ ያኔ ዕድሜው ገና 22 ነበር። በኋላም በፓሪስ ጎዳናዎች የሻማ ፋኖሶች አንጸባራቂ ላላቸው የዘይት መብራቶች ቦታቸውን ለቀቁ። ሐሳብንና የተሠራ ዕቃን ለይቶ መሸለም ዛሬም በብዙ ውድድሮች ይሠራበታል፤ መጀመሪያ የንድፍ ዙር፣ ቀጥሎ የናሙና ዙር፣ በመጨረሻም የምርት ዙር ይኖራል።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በታኅሣሥ 2007 የወጣ የአሜሪካ የኢነርጂ ሕግ፣ ከብዙ አንቀጾቹ በአንዱ፣ የአገሪቱ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የአምፖል ውድድር እንዲያካሂድ አዘዘ። ውድድሩ ኤል ፕራይዝ ተብሎ በግንቦት 2008 ተከፈተ። ዓላማው በየቤቱ የተለመደውን ባለ 60 ዋት የክር አምፖል የሚተካ ምርት ማስገኘት ሲሆን ሽልማቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ብዙዎቹ ውድድሮች አምጡና እንያችሁ ይላሉ። ኤል ፕራይዝ ግን ማሟላት ያለባችሁ ቁጥር ይህ ነው፣ መጀመሪያ አሟልቶ የተገኘው ይወስዳል አለ። ቁጥሮቹም በሕጉ ውስጥ ተጽፈው ነበር፦ ብርሃኑ ከ900 ሉመን በላይ፣ የሚበላው ኃይል ከ10 ዋት ያልበለጠ፣ ዕድሜው ከ25,000 ሰዓት በላይ፣ የቀለም ታማኝነቱ ከ90 በላይ፣ የብርሃኑ መልክ ከ2,750 እስከ 3,000 ኬልቪን።

እነዚህን ቁጥሮች መረዳት ማንኛውንም የአምፖል ካርቶን አንብቦ ለመረዳትም ስለሚጠቅም ቀስ ብለን እንያቸው።

ዋትና ሉመን ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ለመቶ ዓመት ያህል አምፖል ስንገዛ 40 ነው፣ 60 ነው፣ 100 ነው እያልን የኖርነው የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አልነበረም። ዋት መኪናው የሚጨርሰው ነዳጅ ነው ካልን ሉመን የሚጓዘው መንገድ ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት የክር አምፖል ወደ 800 ሉመን ይሰጣል፤ በአንድ ዋት ከ13 እስከ 15 ሉመን መሆኑ ነው። ቀሪው ኃይል፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ኤል ፕራይዝ የጠየቀው በአንድ ዋት ከ90 ሉመን በላይ ነበር፤ ያንኑ የቤት ብርሃን በስድስተኛው እጅ ኃይል ማለት ነው። አንድን አምፖል በቀን አራት ሰዓት የሚያበራ ቤተሰብ በድሮው አምፖል በዓመት 88 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይከፍላል፤ በአዲሱ ግን 14 ብቻ።

ሉመን እንዴት ይለካል? አምፖል ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትን በአንድ በኩል ብቻ ቆሞ መለካት አይበቃም። ስለዚህ ውስጡ ፍጹም ነጭ በተቀባ ባዶ ሉል ውስጥ ይከቱታል። ብርሃኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ እኩል ይዳረሳል፤ በሉሉ አንድ ጎን የተገጠመው መሣሪያም ጠቅላላውን መጠን ያነባል። ሰነፍ አምራቾች ዓይን በሚያየው አቅጣጫ ብቻ አድምቀው በማሳየት ገዢውን እንዳያታልሉ የሚያደርገው ይህ መሣሪያ ነው።

ኬልቪን የብርሃኑን መልክ ይናገራል። የእኛ ሱቆች ነጭ ነው ቢጫ ብለው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ ወደ ነጭና ሰማያዊ ያደላል፣ ሲቀንስ ወደ ቢጫና ቀይ ይሄዳል። 2,700 ኬልቪን ቤት የሚያሞቅ የሚመስለው የድሮው አምፖል መልክ ነው፤ 6,500 ደግሞ የቀትር ሰማይ ነጭነት ነው። የውድድሩ አዘጋጆች ዝቅተኛውን የመረጡት ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ የለመዱት እሱን ስለሆነ ነው። ቆጣቢ አምፖሎች ቀደም ሲል ከተጠሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆስፒታል የሚያስመስለው ቀዝቃዛ ነጭ መልካቸው ነበር።

የቀለም ታማኝነት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት አምፖሎች እኩል ነጭ መስለው ሊበሩ ይችላሉ፤ በአንደኛው ሥር በርበሬው ቀይ፣ በሌላኛው ሥር ግን ቡናማ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ በብርሃኑ ውስጥ ያሉት ቀለማት ድርሻ ነው። ከአምፖሉ ቀይ ካልወጣ በርበሬው የሚመልሰው ቀይ አይኖርም። ስለዚህ የተመረጡ የቀለም ናሙናዎችን በአምፖሉ ብርሃን ሥር ያዩና ከማመሳከሪያ ብርሃን ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረቡ እስከ 100 በሚደርስ ነጥብ ያስቀምጣሉ። 80 ለብዙ ሥራ ይበቃል ይባላል። 90 ግን ጨርቅ የሚመርጥ፣ ሥዕል የሚስል፣ የታማሚ ፊት የሚያይ ሰው ልዩነቱን የሚያውቀው ደረጃ ነው። በእኔ ግምት የኤል ፕራይዝ ደንብ ትልቁ ድፍረት እዚህ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ቀይን መጨመር ማለት ከእያንዳንዱ ዋት የሚገኘውን ሉመን መቀነስ ማለት ነበርና፤ ደንቡ ሁለቱንም ባንድ ላይ ጠየቀ።

የዕድሜው ነገር የባሰ ከባድ ነው። የክር አምፖል 1,000 ሰዓት ገደማ ይሠራና ክሩ ይበጠሳል፤ ሞቱ ግልጽ ነው። ኤልኢዲ፣ ማለትም ክር ሳይኖረው በትንሽ የኤሌክትሮኒክ ቅንጣት የሚበራው አምፖል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ብርሃኑ ከመነሻው 70 በመቶ የደረሰበትን ሰዓት የዕድሜው መጨረሻ አድርገው ይቆጥሩታል። 25,000 ሰዓት ሌት ተቀን ቢበራ እንኳ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በቀን አራት ሰዓት ከሆነ 17 ዓመት ነው። የትኛው ውድድር ያን ያህል ይጠብቃል? አይጠብቅም። አምፖሎቹን ለብዙ ሺህ ሰዓታት አብርቶ፣ ከአየሩ ይልቅ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፣ የድብዘዛውን መሥመር ተከትሎ ወደፊት ያሰላል።

የመጀመሪያው ተወዳዳሪ በመስከረም 2009 ቀረበ፤ መሠረቱ ኔዘርላንድስ የሆነው ፊሊፕስ ነበር። ደንቡ ባዘዘው መሠረት የቀረቡት ናሙናዎች 2,000 አምፖሎች ናቸው። ይህ ቁጥር ራሱ ፈተና ነው። አንድ ቤተ ሙከራ በእጁ እየለቀመ ሁለት ወይም ሦስት ድንቅ አምፖሎች ሊሠራ ይችላል፤ 2,000 ተመሳሳይ አምፖሎች ግን ማምረት የሚችለው እውነተኛ የማምረቻ መሥመር ያለው ብቻ ነው።

ከዚያ የ18 ወር ፍተሻ ተከተለ። ገለልተኛ ቤተ ሙከራዎች ብርሃኑንና ቀለሙን ለኩ። 200 አምፖሎች በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ውስጥ ያለማቋረጥ በሩ፤ ክዳን ያለው የጣሪያ መብራት ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከዚያ የማይተናነስ ስለሆነ ነው። ሌሎቹን አናወጧቸው፣ በእርጥበት አስቀመጧቸው፣ ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ አደረጉባቸው፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ አፈራረቁባቸው። የኤሌክትሪክ አቅራቢ ድርጅቶች ደግሞ አምፖሎቹን በቤቶች፣ በሆቴሎችና በሱቆች ገጥመው የተጠቃሚውን አስተያየት ሰበሰቡ። የቮልቴጁን ፈተና እኔ ልዩ ቦታ እሰጠዋለሁ። የኤልኢዲ አምፖል ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ብርሃን ሰጪው ሳይሆን ተለዋዋጩን የግድግዳ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው በአንገቱ ውስጥ ያለው ትንሽ ሰርኪዩት ነው። መብራት ሄዶ በድንገት ከፍ ብሎ በሚመለስበት አገር የሚኖር ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

ነሐሴ 3 ቀን 2011 አሸናፊነቱ ታወጀ። የተለካው ውጤት 910 ሉመን፣ 9.7 ዋት፣ በአንድ ዋት 93.4 ሉመን፣ የቀለም ታማኝነት 93 ነበር። የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ በአሜሪካ ያሉት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በሙሉ በዚህ ቢተኩ በዓመት ወደ 35 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ፣ በገንዘብም 3.9 ቢሊዮን ዶላር እንደሚቆጠብ አሰላ። የዕድሜ ፍተሻው ከሽልማቱ በኋላም አልቆመም፤ አምፖሎቹ የተጠየቀውን 25,000 ሰዓት አልፈውም ብርሃናቸው ከመነሻው ብዙ አልራቀም።

ይህ ሁሉ የተቻለው ከዚያ በፊት አንድ ትልቅ በር ስለተከፈተ ነው። ቀይና አረንጓዴ ኤልኢዲዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነበሩ፤ ሰማያዊው ግን ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል አስቸግሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ተሳካ፤ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት ሥራ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ፎስፈር በተባለ ዱቄት ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዓይን ነጭ ብሎ ያነበዋል። ፊሊፕስ ፎስፈሩን ከሰማያዊዎቹ ኤልኢዲዎች አርቆ በአምፖሉ የውጭ ሽፋን ላይ አደረገው፤ ቀይ ኤልኢዲዎችንም ጨመረ። ሙቀቱ ከፎስፈሩ ራቀ፣ ቀለሙም ተስተካከለ።

ነገር ግን ፎስፈሩ ውጭ በመሆኑ አምፖሉ ሲጠፋ ደማቅ ቢጫ ነው። መደርደሪያ ላይ ያየው ገዢ ብርሃኑም ቢጫ ይሆናል ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በደንቡ ውስጥ አምፖሉ ጠፍቶ ሳለ ምን እንዲመስል የሚጠይቅ አንድም አንቀጽ አልነበረም። ከፍ ብዬ ያልኩት ይህንን ነው፤ ያልተጠየቀ ነገር ይተዋል።

ዋጋውም እንደዚሁ። መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 22 ዶላር፣ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛው 8 ዶላር እንዲወርድ ተስፋውን አስቀምጦ ነበር፤ ግዴታ ግን አልነበረም። አምፖሉ በሚያዝያ 2012 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 60 ዶላር ሆነ። የኤሌክትሪክ ድርጅቶች በሚሰጡት ድጎማ ለብዙ ገዢ ቢቀንስም ወቀሳው ከባድ ነበር። በዓመቱ፣ በመጋቢት 2013፣ ክሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የ60 ዋት ምትክ በ13 ዶላር ገደማ አወጣ። ብርሃኑ 800 ሉመን፣ የቀለም ታማኝነቱ 80 ነበር፤ ከኤል ፕራይዝ መስፈርት በታች ነው። ቅርጹ ግን ሁሉም የሚያውቀው የአምፖል ቅርጽ ነበር፤ ሰውም ገዛው።

ታዲያ ሽልማቱ ባከነ ማለት ነው? እኔ አልልም።  ከ18 ወር ፍተሻ በኋላ በአንድ ዋት 90 ሉመንና በቀለም 90 ነጥብ አብረው እንደሚገኙ ተረጋገጠ፤ አይቻልም የሚል ክርክር አበቃ። ሆኖም በደንቡ ውስጥ ዋጋ ተስፋ ሆኖ ከሚቀመጥ ግዴታ ቢሆን ኖሮ አሸናፊው ሌላ ዓይነት አምፖል በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ ሌላም ምድብ ነበረው። ለሱቅና ለአዳራሽ የሚሆነውን ፓር 38 የተባለ የሃሎጅን ስፖት መብራት ለሚተካ 5 ሚሊዮን ዶላር ተመድቧል። ጥያቄው በ11 ዋት 1,350 ሉመን ነበር፤ በአንድ ዋት 123 ገደማ። አሸናፊ አልተገኘም፤ ምድቡም ያለ ተሸላሚ ተዘጋ። በአንድ ዋት 150 ሉመን የሚጠይቀው ሦስተኛው ምድብ ደግሞ ጭራሽ አልተከፈተም። አንዳንዱ ይህን እንደ ውድቀት ያየዋል። ለእኔ ግን የውድድሩ ክብር የተጠበቀው እዚህ ላይ ነው። መስፈርቱን ያላሟላን ዕቃ ለሥነ ሥርዓቱ ሲባል መሸለም ቀጣዩን ሽልማት ሁሉ ያረክሳል።

እስካሁን የተናገርነው ግድግዳው ላይ ኤሌክትሪክ ስላለበት ቤት ነው። ግድግዳው ባዶ ሲሆን መለኪያው በሙሉ ይለወጣል።

ኩራዝ የሚሰጠው ብርሃን ከ10 ሉመን እምብዛም አይበልጥም፤ ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ እሳቱም ሣር ቤት ያቃጥላል። የዓለም ባንክና የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2007 ላይቲንግ አፍሪካ የተባለ መርሐ ግብር የጀመሩት ይህን ለመለወጥ ነው። በ2008 አክራ ላይ ባካሄዱት ውድድር 16 አሸናፊዎች ለእያንዳንዳቸው እስከ 200,000 ዶላር አገኙ። ሽልማቱ ለሐሳብና ለንግድ ዕቅድ ነበር። ቀጥሎ ግን አንድ አሳሳቢ ነገር ታየ። ገበያው ርካሽና ደካማ የሶላር ፋኖስ ሞላው፤ አንድ ጊዜ የተቃጠለ ገበሬ ደግሞ ሁለተኛ ሶላር አያምንም። ስለዚህ የጥራት መፈተሻ ዘዴ ተዘጋጀ፤ በ2010 ናይሮቢ ላይ የተሰጠው የምርጥ ምርት ሽልማትም በተለካ ጥራት ላይ የተመሠረተ ሆነ።

በዚህ ፍተሻ ውስጥ የቀለም ታማኝነት ዋና ጥያቄ አይደለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ፋኖሱ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ ማታ ስንት ሰዓት ይበራል? ባትሪው የተጻፈበትን ያህል ይይዛል? ከ2,000 ሰዓት በኋላ ከብርሃኑ ቢያንስ 85 በመቶው ይቀራል? ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ይሰበራል? ማብሪያ ማጥፊያው ስንት ጊዜ ቢጫኑት ይችላል? ዝናብ ይገባዋል? የአንድ ዓመት ዋስትናስ አለው? ከሁሉም በላይ የወደድኩት ደግሞ የእውነተኛነት መመዘኛው ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከተለካው ከ15 በመቶ በላይ ከራቀ ምርቱ ይወድቃል። ናሙናዎቹንም አምራቹ መርጦ አይልካቸውም፤ ፈታሾች ከመጋዘን ወይም ከገበያ በዕጣ ይወስዷቸዋል። ኤል ፕራይዝ ናሙናውን በብዛት ጠየቀ፤ ይኸኛው በዕጣ። የሁለቱም ዓላማ ለዳኛ ብቻ የተሠራ ዕቃ እንዳይቀርብ ማድረግ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን የጥራት መስፈርት ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለሶላር አስመጪዎች የቀረበው ብድርም መስፈርቱን ያሟሉ ምርቶችን ለሚያመጡ የታሰበ ነበር። ስለዚህ በገጠር ሱቅ የምናገኛት ትንሽ የሶላር ፋኖስ ከጀርባዋ ይህ ሁሉ የዳኝነት ታሪክ ሊኖራት ይችላል። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ግሎባል ሊፕ የተባለው ሽልማት ኤሌክትሪክ ላልደረሰባቸው ቤቶች የሚሆኑ የኤልኢዲ የክፍል መብራቶችንና ቴሌቪዥኖችን ማወዳደር ጀመረ፤ በኋላም ማራገቢያን፣ ማቀዝቀዣንና የውሃ ፓምፕን ጨመረ። ፍላጎቱ ግልጽ ነው፤ መብራቱ ኃይል በቆጠበ ቁጥር ፓነሉና ባትሪው ያንሳሉ፣ የጠቅላላው ዋጋ የሚወርደውም በዚህ ነው።

በቁጥር የማይያዝ ነገርም አለ፤ ውበት። የዴንማርክና የአይስላንድ ተወላጁ አርቲስት ኦላፉር ኤሊያሶን ከመሐንዲሱ ፍሬድሪክ ኦተሰን ጋር ሊትል ሰን የተባለችውን ትንሽ የሶላር መብራት በ2012 ለንደን በሚገኘው ቴት ሞደርን አስተዋወቀ። ቅርጿ የተቀዳው ከእኛው አደይ አበባ ነው። ድሃ ቤት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ማማር አለበት የሚለው እምነት ያስደስተኛል፤ ልጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትኮራባት መብራት በጥንቃቄ ትያዛለችና።

ውበትን የሚመዝኑት እንደ ጀርመኖቹ አይኤፍና ሬድ ዶት ያሉ የዲዛይን ሽልማቶች ናቸው። እዚያ የሚፈርደው የባለሙያዎች ጉባኤ ነው፤ ቅርጽን፣ አጠቃቀምን፣ የሐሳብን አዲስነት አይቶ ይወስናል። ከእኛ አገር ለመሳተፍ የሚያስብ ወጣት ግን አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በእነዚህ ሽልማቶች ለመመዝገብ ይከፈላል፤ ካሸነፉ በኋላም ለኤግዚቢሽኑና ለማስታወቂያው ሌላ ክፍያ አለ። ይህ ምስጢር አይደለም፣ በደንባቸው ተጽፏል፤ ሳያነቡ ለሚገቡት ግን ከባድ ዱብ ዕዳ ነው።

የውድድር ጥሪ ሲደርስ ከገንዘቡ በፊት የባለቤትነት አንቀጹን መፈለግ ይበጃል። አንዳንዱ ደንብ የቀረበውን ንድፍ አዘጋጁ እንዳሻው እንዲጠቀምበት መብት ይሰጣል። ሌላው አሸናፊ ላልሆኑትም ሥራዎች ያንኑ ይጠይቃል። ሐሳቡ በኤግዚቢሽን ወይም በካታሎግ ከወጣ በኋላ ደግሞ አዲስነቱን ሊያጣና በብዙ አገሮች ፓተንት ሊከለከል ይችላል። አገራችን የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አላት፤ ማመልከቻውም ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይቀርባል። መጀመሪያ ማመልከት፣ ከዚያ መወዳደር ነው ቅደም ተከተሉ።

አሜሪካኖቹ ኤል ፕራይዝን በ2021 እንደገና ከፍተውታል። ሽልማቱ በጠቅላላው እስከ 12.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ትኩረቱ የንግድና የአገልግሎት ሕንጻዎች ነበሩ። ከሉመንና ከዋት በተጨማሪ መብራቱ ሊጠገን መቻሉ፣ ክፍሎቹ ተፈትተው ዳግም ለሥራ መዋላቸው፣ ከተመረተበት እስከሚወገድበት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጫና ጥያቄ ሆነዋል። የመጀመሪያው ውድድር ከ25,000 ሰዓት በኋላ አምፖሉ የት ይጣላል ብሎ አልጠየቀም ነበር።

ለእኛ አካባቢ የሚሆን የመብራት ውድድር ቢዘጋጅ ደንቡ ውስጥ እንዲገቡ የምመኛቸው አንቀጾች አሉ። አምፖሉ ከ220 ቮልት በብዙ ወርዶም በብዙ ወጥቶም እንዲፈተሽ፣ መብራት በድንገት ሲመለስ የሚመጣውን ምት ደጋግሞ እንዲችል። የሶላር ፋኖስ ከሆነ ባትሪው በተራ መፍቻ የሚከፈትና በወረዳ ከተማ ሱቅ የሚገኝ ዓይነት እንዲሆን። ዋጋው የተስፋ ቁጥር ሳይሆን ሽልማቱ የሚለቀቅበት ቅድመ ሁኔታ እንዲሆን፣ ገንዘቡም ዕቃው በተባለው ዋጋ መሸጡ ከተረጋገጠ በኋላ እንዲከፈል። ናሙናውም ያለ አምራቹ ዕውቀት ከገበያ እንዲገዛ።